ቆዳው የት ገባ?

ደሴን ለቀን ዳገቱን እንደጀመርን፣ ረዳቱ ጭኔ ላይ ያቀፍኩትን የቆርቆሮ ሳጥን አይቶ «ላይ ልጫንልህ» አለኝ። ይንገጫገጫል፣ እዚሁ ይሁን አልኩት። «ምንድን ነው?» «ፒክአፕ።» አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው የስንት ዓመተ ምሕረት ሞዴል እንደሆነ ጠየቁኝ። ወንድማቸው ወግዲ ላይ አሮጌ ፒክአፕ መኪና አቁሞ መለዋወጫ ካጣ ቆይቷል። ሳጥኑን ከፍቼ አሳየኋቸው፤ የጣት ርዝመት ያላት ጥቁር ነገር፣ ስድስት የማግኔት ጫፎች የተደረደሩባት፣ ዙሪያዋን ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባት። «ይቺ የክራር ጆሮ ናት» አልኳቸው። መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጧትና መለሱልኝ። «ክራር ጆሮ ምን ያደርግለታል? ጆሮ ለሰሚው ነው።»

እስከ ጉጉፍቱ ድረስ ይህን ንግግር ሳመላልስ ሄድኩ። ጉጉፍቱ ላይ ጥር ነው ብሎ ብርዱ አይራራም። ባና የደረበ እረኛ በጎቹን ከመንገድ ሲያወጣ እጁን ከባናው ውስጥ ሳያወጣ በአገጩ ነበር የሚነዳቸው። ገብሱ ታጭዶ አውድማው ባዶ ነው፤ ጅባራው ብቻ ሜዳው ላይ ቆሞ ቀርቷል። አቀስታ ለምሳ ስንወርድ የሻይ ቤቷ ባለቤት «አገርህ የት ነው?» አለችኝ። አዲስ አበባ አልኳት። «እሱማ ከተማው ነው፤ አገርህን ነው የጠየቅሁህ።» የምመልሰው አጣሁና የአባቴን አገር ጠራሁላት።

አዲስ አበባ ተወልጄ፣ ላለፉት 20 ዓመታት ሎስ አንጀለስ አጠገብ ጊታር ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝ። የምሠራበት ቤት ከፉለርተን ከተማ ብዙ አይርቅም። ሊዮ ፌንደር የሚባለው የሬዲዮ ጠጋኝ፣ ጊታር መጫወት ሳይችል የዓለምን ጊታር የለወጠው ሰው፣ ሱቁን የከፈተው እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ ትንሽ ሲነዱ ባሕሩ ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው የፌርፋክስ ጎዳና ቁራጭ ላይ ሽሮ እበላለሁ። አንድ ቅዳሜ አብሮኝ የሚበላ ልጅ አጎቱ መካነ ሰላም ክራር እንደሚጫወቱ፣ ከአዲስ አበባ የገዙት የኤሌክትሪክ ክራር ግን «መብራት ሲኖር ይጮሃል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ አይሠራም» እያሉ እንደሚያማርሩ ነገረኝ። ለጥምቀት አገር ቤት ልገባ ስለነበር አያቸዋለሁ አልኩት። ነገሩ ይህ ነው።

ክራሩ ብቻ ግን አይደለም የወሰደኝ። በሥራዬ ውስጥ ከሁሉ የምወደው የሰርፍ ጊታር ነው፤ ለዓመታት አንድ ጥያቄ አስይዞኛል።

ሰርፍ ማለት በሳንቃ ላይ ቆሞ ማዕበል መጋለብ ነው። በዚያ የባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ወጣቶች እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ጨዋታቸው የራሳቸውን ሙዚቃ አበጁለት፤ ግጥም የሌለው፣ ጊታር ብቻውን የሚናገርበት። ፊታውራሪው ዲክ ዴል ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1937 ቦስተን የተወለደ፣ በአባቱ ወገን የሊባኖስ ዘር። አጎቱ ዑድ ሲጫወት እየሰማ አደገ። ግራኝ በመሆኑ ለቀኝ እጅ የተቃኘውን ጊታር ገልብጦ፣ ወፍራሙን ክር ከታች አድርጎ ይጫወት ነበር። በ1961 ባልቦአ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ራንዴቩ በተባለ የጭፈራ አዳራሽ ወጣቱን አጥለቀለቀው። ማጉያ ሲያቃጥል ፌንደር ሌላ ይሠራለታል፣ ያንንም ያቃጥላል፤ እንዲህ እየተባባሉ ያን ዘመን የሚያስንቅ ጉልበት ያለው ማጉያ ላይ ደረሱ። በ1962 ያወጣው «ሚሲርሉ» ከምሥራቅ ሜዲትራኒያን የመጣ፣ ከእሱ በፊት በ1920ዎቹ በሸክላ የተቀረጸ አሮጌ ዜማ ነው። ዓለም እንደገና የሰማው በ1994 «ፐልፕ ፊክሽን» በተባለው ፊልም መክፈቻ ላይ ነው፤ የእኛን የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃም በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» የሚባል ፊልም ለብዙ የውጭ ጆሮ እንዳደረሰው።

የያዘኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ያ ጥርት ያለ፣ እርጥብ፣ እንደ ውሃ ጠብታ የሚፈናጠር ድምፅ ከየት መጣ? እኔ ከፒክአፕ መጣ እላለሁ። ፒክአፕ ደግሞ የሰማውን ሁሉ የሚያቀብል ጆሮ አይደለም። ብዙውን ትቶ ጥቂቱን የሚመርጥ ጆሮ ነው።

መካነ ሰላም አመሻሽ ላይ ደረስን። ከተማዋ ደጋው ላይ ተቀምጣለች፤ ወደ ምዕራብ መሬቱ እየተሰበረ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፣ ማዶው ጎጃም ነው። በነጋታው ማለዳ ባለክራሩ ራሳቸው ከማረፊያዬ መጥተው ወሰዱኝ። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ጥር ላይ ሠርግ አያጡም። ግቢያቸው ስንገባ ባለቤታቸው ሳር ጎዝጉዘው፣ ቡና አቅርበው ጠበቁን።

«ጋሼ፣ ክራሩን ልየው» አልኳቸው።

«ቡናው ይቅደም፣ ልጄ። ክራሩ የት ይሄዳል?»

በረካው ከተጠጣ በኋላ ሁለት ክራር አመጡ። አንደኛው የእንጨት ገበቴው በቆዳ የተወጠረ፣ ቀንበሩ በእጅ ብዛት የጠቆረ፣ የናይለን ክር ያለው ነው። ሁለተኛው የኤሌክትሪኩ ነው። ቆዳ የለውም፤ ቀይ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሳጥን፣ ስድስት የብረት ክር፣ ከብርኩማው ፊት ለፊት ርካሽ የጊታር ፒክአፕ። ማጉያው ላይ ሲሰኩት «ምምምም» የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። ባለቤታቸው ጆሯቸውን ያዙ።

ይህ ድምፅ ከክራሩ የሚመጣ አይደለም። በቤቱ ግድግዳ ውስጥ ያለው መብራት በሰከንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፤ በተመላለሰ ቁጥር ዙሪያውን ያለው ማግኔታዊ መስክ ይነቃነቃል። የፒክአፕ ሥራ ደግሞ የማግኔትን መነቃነቅ ወደ ኤሌክትሪክ መለወጥ ነው። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያገኘው ሕግ ነው፤ በሽቦ ጥቅል ውስጥ ማግኔት ከተነቃነቀ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። የብረት ክሩ ከማግኔቱ በላይ ሲርገበገብ የማግኔቱን መስክ ያወዛውዘዋል፣ ጥቅሉ ያን ውዝዋዜ ይቀበላል፣ በገመድ ወደ ማጉያው ይልካል። ጥቅሉ ግን ክሩንና የግድግዳውን ሽቦ አይለይም። ሁለቱም የሚነቃነቅ መስክ ናቸው።

ለዚህ መድኃኒት አለው። የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር በ1950ዎቹ አጋማሽ ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አድርጎ፣ የአንዱን ማግኔት ገልብጦ፣ ሽቦውንም በተቃራኒ አገናኘው። ከግድግዳው የሚመጣው ጩኸት በአንዱ ጥቅል ሲገፋ በሌላው ይጎተታልና ይጣፋል፤ የክሩ ድምፅ ግን ይደመራል። ሃምበከር ይሉታል። በሳጥኔ ውስጥ አንድ ሃምበከርና አንድ ነጠላ ጥቅል ነበረ። ነጠላውን በቴስተር ስለካው ሞቷል፤ መንገዱ ከመበየጃው ጫፍ ላይ ያንን የጸጉር ያህል ሽቦ ቆርጦታል። ስለዚህ ሃምበከሩን ክራሩ ላይ አሰርኩት። ጩኸቱ ጠፋ። ጋሼ ደስ አላቸውና አንድ ግርፍ ጀመሩ፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ አቆሙ።

«ልጄ፣ ይሄ ክራር አፉን በጋቢ ሸፍኖ የሚዘፍን ሰው ይመስላል።»

እውነታቸውን ነው። በሁለት ቦታ የሚያዳምጥ ጆሮ ክሩን በሰፊው ይሰማዋል፤ በአንድ ነጥብ ላይ የሚወጣውን ስል ጫፍ ግን ያደነዝዘዋል። ሽቦውም ስለሚበዛ ጥቅሉ ራሱ የሚያደምቀው ድምፅ ወደ ወፍራሙ ይወርዳል። ፒክአፕ ሁሉ እንዲህ ያለ የራሱ ቅላጼ አለው፤ ከገመዱ ጋር ተዳምሮ አንድ አካባቢ ያለውን ድምፅ ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ በላይ ያለውን ይቆርጣል። የፌንደር ነጠላ ጥቅል የሚያደምቀው በሰከንድ ከ3000 እስከ 5000 ርግብግቢት አካባቢ ያለውን ነው፤ የሰው ጆሮ ከሁሉ ይበልጥ የሚነቃበት ሰፈር። ሃምበከሩ ግን ከዚያ ዝቅ ይላል። ክራር አፍ ያለው እዚያ ላይ ነው። ያን ከቆረጡበት የቀረው ጉሮሮ ነው።

ነጠላውን እንደገና ከመጠምጠም ሌላ መንገድ አልነበረም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ያ ቀን ከጉዞው ሁሉ ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ነውና። አንድ የፌንደር ዓይነት ፒክአፕ 8000 ዙር ያህል አለው፤ ሽቦው ተዘርግቶ ቢለካ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ውፍረቱ የሚሊ ሜትር ስድስት መቶኛ ገደማ ነው። ይህን ሽቦ መካነ ሰላም ውስጥ ማን ይሸጣል? ጋሼ ወደ አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ወሰዱኝ። ልጁ ከጠረጴዛው ሥር በካርቶን የሞላ የተበላሸ የሬዲዮ አዳፕተር አወጣ። አዳፕተር ውስጥ ትንሽ ትራንስፎርመር አለች፤ 220 ቮልቱን የሚቀበለው ወገኗ በብዙ ሺህ ዙር ቀጭን ሽቦ የተጠመጠመ ነው። ሦስቱን ፈታን፤ ሁለቱ ተቃጥለው ሽቧቸው ተጣብቋል፣ የሦስተኛዋ ሽቦ ደህና ነበር።

መጠምጠሚያስ? ገበያው ዳር በእግር የሚረገጥ ሲንጀር ያላቸው ልብስ ሰፊ አሉ። የስፌት መኪና ጎን ክር መጠቅለያ ትንሽ መዘውር እንዳለ የሰፋ ሁሉ ያውቀዋል። የምንፈልገውን ስንነግራቸው የጀመሩትን ሱሪ አጥፈው አስቀመጡ። «አብሽር፣ ይሆናል» አሉኝ። ፒክአፗን በሰም መዘውሩ ላይ አጣበቅን። አንድ ጊዜ ሲረግጡ አሥራ ስድስት ዙር ትዞራለች፤ ምልክት አድርገን ቆጠርነው። ልጃቸው ከአጠገባችን ተቀምጦ በየአሥሩ እርግጫ አንድ ባቄላ ስኒ ውስጥ ይጥላል። እኔ ሽቦውን በነጠላ ጨርቅ መሃል አሳልፌ በሁለት ጣቴ ይዤዋለሁ፤ ብጠብቀው ይበጠሳል፣ ባላላው ይዝረከረካል። ሁለቴ ተበጠሰ። ሁለቴም ልብስ ሰፊው እግራቸውን ከመርገጫው አንስተው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ እስክበይደው ጠበቁ። እንዲያ ያለ ትዕግሥት በሥራ ቦታዬ አላየሁም። ሽቦው ሲያልቅ ስኒው ውስጥ አርባ ባቄላ ነበር፤ 6400 ዙር። በቴስተር ስለካው 4200 ኦም አሳየኝ። ከተለመደው ያነሰ ነው። ዙሩ ሲያንስ ጉልበቷ ይቀንሳል፣ ብርሃኗ ግን ይጨምራል። ልብስ ሰፊው ዋጋ አንቀበልም አሉ፤ ድምፁን መጥተው እንደሚሰሙ ብቻ ቃል አስገቡኝ።

ማታ ቀዩ ክራር ላይ አሰርናት። ጋሼ በመጀመሪያው ምት ቀና አሉ። ጩኸቱ ተመልሷል፤ ነገር ግን ከጩኸቱ በላይ ክሩ እያንዳንዱ ለብቻው ቆሞ ይሰማል። ከሎስ አንጀለስ ያመጣሁትን የሞላ ሳጥንም ሰካሁት። ይህ ሪቨርብ የሚባለው ነው፤ ፌንደር በ1961 ለብቻው በሣጥን አድርጎ አወጣው። ዲክ ዴል የፈለገው መጀመሪያ ለዘፈን ድምፁ ነበር፣ ኋላ ጊታሩን አስገባበት። በውስጡ የተወጠሩ ቀጭን ሞላዎች አሉ። ድምፁ በአንድ ጫፍ ገብቶ ሞላውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ሌላው ጫፍ ላይ ትንሽ ማግኔትና ሽቦ ጥቅል ተቀምጦ መንቀጥቀጡን ይቀበላል። ማለትም እሱም ሁለተኛ ፒክአፕ ነው።

አሁን ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ሞላ የሰጡትን ሁሉ ያበዛል። ወፍራም፣ ረዥም ድምፅ ከሰጡት ገንፎ ያደርገዋል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርብበታል። ስል፣ አጭር፣ ቶሎ የሚሞት ድምፅ ከሰጡት ግን የሚጫወትበት ቦታ ያገኛል፤ ከጣሪያ ጠርዝ ላይ እንደሚወርድ ጠብታ ይፈናጠራል። የባሕር ዳርቻ ልጆች በ1958 ለጃዝ ሰዎች ተብሎ የተሠራውን፣ ጃዝ ሰዎቹም ብዙ ያልወደዱትን ጃዝማስተር ያነሱት፣ በ1962 የመጣውን ጃጓርም የተከተሉት በዚሁ ይመስለኛል። የጃዝማስተር ጥቅል ሰፊና ዝርግ ነው፣ ጃጓር ደግሞ ክሩ አጭር ሆኖ ጥቅሉ ዙሪያ የብረት ጥርስ አለው። ሁለቱም ነጠላ ጥቅል ናቸው፣ ሁለቱም ብርሃን አላቸው። ከዚያ ተጫዋቹ የቀኝ መዳፉን ጠርዝ ብርኩማው ላይ አሳርፎ ክሩን እያፈነ ይመታል፤ «ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ»።

ይህንን ለጋሼ ላሳያቸው ስል እጄን ክራራቸው ላይ ዘረጋሁ። እሳቸው ቀደሙኝ። ግርፍ ጀመሩ። በግርፍ ቀኝ እጅ ስድስቱንም ክር በአንዴ ይጠርጋል፤ የግራ እጅ ጣቶች ከኋላ ሆነው የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናሉ፣ የሚፈለገው ብቻ ይናገራል። የታፈኑት ክሮችም ዝም አይሉም፤ ደረቅ ምት ይሆናሉ። መዳፍ በጣት ተተካ እንጂ ሥራው ያው ነው። ፒክአፗ ያንን ደረቅ ምት ስታቀብለው ሞላው ተቀብሎ ቤቱ ውስጥ በተነው። ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ሱሪውን ሳይጨርሱ መጥተዋል። «ይሄማ ዝናብ ነው» አሉ።

ጋሼ ግን ጥቂት ተጫውተው ቀዩን ክራር አስቀመጡትና አሮጌውን አነሱ። «ለዚህም አድርግለት።»

ፒክአፗን በእጄ ይዤ ክሮቹ ላይ አቀረብኳት። መቱት። ማጉያው ጸጥ አለ። ከጩኸቱ በስተቀር ምንም የለም። ናይለን ማግኔትን አይነካውም፣ ማግኔትም አይሰማውም፤ የመሲንቆው የፈረስ ጭራም፣ የድሮው ጅማትም እንደዚሁ ነው። የብረት ክር ብቻ ነው በዚህ ጆሮ ፊት የሚኖረው። ስለዚህ ናይለኑን ፈትተን ከሳጥኔ የጊታር ክር አሰርንበት። መቱ። ድምፁ መጣ፣ ጠራ፣ ብረታማ። ጋሼ ደጋግመው አዳመጡ። ከዚያ ማጉያውን ዘግተው ያለ ኤሌክትሪክ መቱት፤ ከፍተው መቱት፤ እንደገና ዘጉት።

«ቆዳው የት ገባ?» አሉኝ።

ከሎስ አንጀለስ ድረስ ይዤው ለመጣሁት ጥያቄ ይህ መልሱ ነበር። ማግኔቱ የሚሰማው ክሩን ነው። ገበቴው ቢያገሳ፣ ቆዳው ቢተነፍስ አይሰማውም፤ እንጨቱና ቆዳው ድምፁን የሚነኩት ክሩን ባነቃነቁት ልክ ብቻ ነው። የሰርፍ ጊታር ይህን ጉዳት ወደ ጥቅም ለወጠው። አካሉ ድፍን እንጨት ነውና የሚያጣው ሆድ አልነበረውም፤ ያልነበረውን ሆድ በሞላ ሠራለት። ክራር ግን ሆድ አለው። የክራሩን ሆድ አውልቀው ቀይ ሳጥን ሲያደርጉት ብዙ ነገር ይገኛል፤ አዳራሽ ይሞላል፣ ከኪቦርድና ከድራም ጋር ይቆማል። የጠፋውን የሚያውቀው ግን አሮጌውን አቅፎ ያደገ ሰው ነው። ሙላቱ በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ክራርን ስለ ማዘመን በሠራበት ጊዜ ይህን ጥያቄ ስንቴ ተጋፍጦት ይሆን ብዬ አሰብኩ።

በነጋታው ከሬዲዮ ጠጋኙ ካርቶን ውስጥ ከተሰበረ የማንቂያ ሰዓት ሳንቲም የምታህል የነሐስ ቅጠል አገኘን። ፒየዞ ትባላለች። ሲያጥፏት ወይም ሲያንቀጠቅጧት ኤሌክትሪክ ታመነጫለች፤ የፈረንሳዮቹ የኪዩሪ ወንድማማቾች በ1880 ያገኙት ባሕርይ ነው። ይቺ ማግኔት አታውቅም፤ የምታውቀው መንቀጥቀጥን ነው። ከብርኩማው አጠገብ ቆዳው ላይ በሰም አጣበቅናት። ብቻዋን ስትሰማ የጥፍር ፉጨት ሁሉ ይገባባታል፤ ቆዳውን መታ ሲያደርጉት ከበሮ ይሆናል። ከማግኔቷ ጋር በአንድ ቁልፍ አቀላቀልናቸው። ጋሼ ቁልፏን ቀስ እያሉ አዞሩ፤ ክሩ ሳይጠፋ ቆዳው ብቅ ሲል አቆሙ። «እዚህ ላይ ቀለም ቀባልኝ፣ እንዳልረሳው።» በባለቤታቸው የጥፍር ቀለም ነጥብ አደረግንበት።

ማግኔቷን የት እንደምናስቀምጣትም እሳቸው ናቸው የወሰኑት። ክር ከብርኩማው አጠገብ ሲያዳምጡት ስል ነው፣ ወደ መሃል ሲርቁ ይለሰልሳል፤ ጊታር ላይ ሁለትና ሦስት ፒክአፕ የሚደረደረው ለዚህ ነው። ጋሼ በሁለት ጣታቸው ፒክአፗን ወዲህና ወዲያ እየገፉ አዳመጡና ለግርፍ ወደ ብርኩማው፣ ክር በክር ለሚጫወቱት ለድርድር ደግሞ አራት ጣት ራቅ ተደርጋ እንድትቀመጥ አዘዙኝ። በሁለት ጎማ ማሰሪያ እንድትንሸራተት አደረግኋት። እሳቸው ጊታርን የሚያውቁት በካሴትና በሸክላ ነው፤ አይቤክስ፣ ኋላም ሮሃ ባንድ ውስጥ ሰላም ስዩም ወልደማርያም የሚጫወተውን። ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 በአይቤክስ ታጅቦ ያወጣውን «ኧረ መላ መላ» ሸክላ በወጣትነታቸው ደሴ ሰምተውታል። «ያ ልጅ ጊታሩን ክራር አድርጎ ነው የሚጫወተው፤ አንተ ክራሩን ጊታር ልታደርግብኝ መጣህ» አሉኝ። ስቀው አልነበረም። እኔም ቁም ነገር አድርጌ ያዝኩት።

የመጨረሻው ማታ መብራት ጠፋ። ማጉያዬ በባትሪም ይሠራልና ሰካሁት። ጩኸቱ የለም። በከተማው ሽቦ ሁሉ ውስጥ የሚሮጥ ነገር አልነበረም፤ ፒክአፗ የምትሰማው ስድስት ክር ብቻ ነው። በሻማ ብርሃን ጋሼ አምባሰል ቃኙ። ወሎ ውስጥ ተቀምጦ አምባሰልን መስማት ማሪቱ ለገሰን በካሴት እየሰማ ላደገ ሰው ሌላ ነገር ነው፤ ያንን ለራሴ አስቀምጠዋለሁ። ቀጥለው ሁለት መቃኛ ብቻ አዙረው ባቲ አደረጉት። እዚህ ላይ ጆሮዬ ቆመ።

አምባሰልን ከሚ ብንጀምረው ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይሆናል። ባቲን፣ ሜጀር የሚሉትን፣ ከዚያው ከሚ ብንጀምረው ሚ፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ሬ ይሆናል። ሁለቱ ቅኝቶች ሦስት ድምፅ ይጋራሉ፤ በሁለት ይለያያሉ። ደራርበን ብንቆጥራቸው ሰባት ድምፅ ይወጣል፤ ያ ሰባት ድምፅ ዲክ ዴል «ሚሲርሉ»ን የተጫወተበት መሰላል ነው፣ አንድም ሳይጎድል፣ አንድም ሳይተርፍ። ክራር እንደ ፒያኖ በእኩል ርቀት አይቃኝም፣ ስለዚህ ፍጹም አንድ ናቸው አልልም። ዜማው ከዚህ ሄደ ወይም ከዚያ መጣ የሚል ወሬም አልፈጥርም። ግን 20 ዓመት ሙሉ ጠግኜ ስሞክር የኖርኩት የባሕር ዳር ዜማ፣ ባሕር በሌለበት ደጋ ላይ፣ በሁለት መቃኛ መዞር ተከፍሎ ፊቴ ተቀምጦ ነበር። ለጋሼ ነገርኳቸው። ዜማውን አሰማኝ አሉኝ፤ በስልኬ አሰማኋቸው። ፈጥኖ ስለሚመታው ክር ሳይሆን ስለ መሃሉ ጠየቁኝ። «አምባሰሉን ሳይጨርስ ባቲ ገባ» አሉ። «ምነው ቸኮለ?»

ሲጫወቱ ሳሉ መብራት መጣ። አምፖሉ በራ፣ ወዲያው ያ «ምምምም» ከማጉያው ተነሣ። ልዘጋው እጄን ስዘረጋ ጋሼ ክሮቹን በመዳፋቸው አፍነው ያዙኝ።

«ተወው። ልቃኝበት።»

የመብራቱ ጩኸት ከሶል ትንሽ ከፍ ይላል፤ መቼም ቦታውን አይለቅም። ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ማጉያው አዘንብለው የመጀመሪያውን ክር ወደ እሱ አመጡት፤ ሲገጥሙ ጩኸቱ ክሩ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ከዚያ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ እስከ ስድስተኛው። ሲጨርሱ የቤቱ ሽቦ ከክራሩ ሥር እንደ በገና ወፍራም ክር ተጋድሞ ነበር። ፒክአፗን አራት ጣት ወደ መሃል ገፋ አድርገው ድርድር ጀመሩ። ባለቤታቸው ጆሯቸውን አልያዙም። ጀበናውን አዘንብለው ቶናውን ቀዱልን።